አፈሙዝ ላይ ያረፈች ዝንብ

ኤርኮሌ ሳሌሪ ለአባቱ ምሳ ይዞ ወደ አደን ጎጆው ሲወጣ፣ አባቱ የሚበላበት አፍ አልነበረውም።

ሊቪዮ ሳሌሪ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። አንደኛው ተኩስ ደረቱን ከፍቶታል። ሁለተኛው ከአገጭ እስከ ግንባር ያለውን ጠርጎ ከኋላው ያለው ጣውላ ላይ ለጥፎታል። ለማባበያ ያስቀመጣቸው ወፎች በየሽቦ ቤታቸው ሆነው ይዘምራሉ፤ ለእነሱ ተራ እሑድ ነው።

ኤርኮሌ ሳህኑን ጣለና ጮኸ። ጩኸቱ ከኮረብታው ሥር እስካለው የቤተ ክርስቲያን ግቢ ድረስ ተሰማ። ተኩሱን ግን ማንም አልሰማም። በአደን ወራት በእኛ ሸለቆ ተኩስ የሚሰማ ጆሮ የለም፤ ከንጋት ጀምሮ ሁሉም ይተኩሳል። ጸጥ ቢል ነበር ሰው ደንግጦ የሚወጣው።

ማሬሻሎ ሳቬሪዮ ላኳራ ከሰበካው ድግስ ተነስቶ ከንፈሩን እየጠረገ መጣ። የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ነው። የደቡብ ሰው ነው፣ ከባሕሩ ወዲያ ማዶ ግሪክ ከሚታይበት ጠረፍ። እኛ ዘንድ ሃያ ዓመት ስለኖረ አዲሱ ሰውዬ እንለዋለን።

ወደ ሬሳው ሲጠጋ ከጫማው ሥር አንድ ነገር ቀጨም አለ። ከወደቀው ሳህን የተንከባለለች የተጠበሰች ወፍ ናት። እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮታኩታለች። ጫማውን ጠረገና ረሳት።

«የአባትህ ጠመንጃ የታለ?»

«ያቻት፣ ምስማሩ ላይ።»

አወረዳትና አፈሙዟን አሸተተ። አልተተኮሰባትም። የገደለችው ጠመንጃ ከገዳዩ ጋር ሄዳለች።

«ጠላት ነበረው?»

«ማሬሻሎ፣ አባቴ እኮ የአሮጌ ጠመንጃ ነጋዴ ነው። ባሏ ከሞተባት ሴት በርካሽ ገዝቶ ለሚላኖ ሐኪሞች በውድ ይሸጣል። ወዳጅ ነበረው ወይ ብለው ይጠይቁኝ።» ከዚያ የኤርኮሌ ፊት ተለወጠ። «ኑንሲዮ! ፊትህን እበትነዋለሁ ብሎታል! መጠጥ ቤት ሙሉ ሰው ሰምቷል!»

ሰምተናል። ኑንሲዮ ጊቲ ያለ ፈቃድ የሚያድን፣ ሰደፉ በሽቦ የታሰረ ጠመንጃ የሚይዝ፣ ከሸለቆው ሰው ሁሉ ይልቅ ከወፎቹ ጋር የሚግባባ ሰው ነው። በበጋው ከሟች አክስቱ የሣር ጎተራ አንዲት አሮጌ ባለ ሁለት አፈሙዝ አገኘና ለሊቪዮ በአንዲት ፍየል ለወጣት። ከዚያ በኋላ ሊቪዮ ሳምንቱን ሙሉ ፈገግ ሲል ዋለ። ኑንሲዮ ፈገግታውን አየና ፍየሏን ጎትቶ መጠጥ ቤት ድረስ መጣ። ፍየሏም ሰምታለች።

ማሬሻሎው ከኮረብታው እየሮጠ ወረደ። ኤርኮሌ ግን በአቋራጭ ቀድሞታል።

ማሬሻሎው መጠጥ ቤቱ ሲገባ ኑንሲዮ የቢሊያርዱ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ኤርኮሌ የቢሊያርድ ዱላውን ወፍራም ጫፍ በመንጋጋው ላይ አሳርፎታል፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። ጥርሶች በአረንጓዴው ጨርቅ ላይ እንደ ዳማ ጠጠር ተበትነዋል። ኤርኮሌ አሁን ነጯን ኳስ አንስቶ የሰውየውን ግንባር ሊያፈርስ ክንዱን ዘርግቷል። እኛ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘን ብርጭቆአችን እንዳይፈስ እንጠነቀቃለን።

ማሬሻሎው የሽጉጡን እጀታ ኤርኮሌ ክርን ላይ አወረደው። ኳሷ ወደቀችና ተንከባልላ ጉድጓድ ገባች።

«ገዳይ ነው!» አለ ኤርኮሌ፣ በሥቃይ ታጥፎ።

«ይሆናል። አንተ ግን ገና አልሆንክም። ተቀመጥ።»

«እቀመጣለሁ። ረቡዕ አባቴን እቀብራለሁ። ከመቃብር ስመለስ ይሄን እጨርሰዋለሁ። ያኔ ይሰሩኝ፤ እጄን ራሴ እዘረጋለሁ።»

ከመሃላችን ፉከራ ነው ያለ የለም። ኤርኮሌ በሬ የሚያክል ሰው ነው፤ የተናገረውን ነገር አለማድረግ ሐሳቡም አይመጣለትም። ማሬሻሎው ሊያስረው ይችል ነበር። ግን ልጅን ከአባቱ ቀብር ያስቀረ አዛዥ ጣቢያው በማግስቱ ጣሪያ አይኖረውም። ኑንሲዮንም ከሸለቆው ማሸሽ አልተቻለም። በመነኮሳቱ ክሊኒክ ያለው ሐኪም፣ «መኪና ላይ ካወጣችሁት በመንገድ ደሙን ውጦ ይሞታል» አለ።

ስለዚህ ጊዜው እስከ ረቡዕ ነው።

ማሬሻሎው መጀመሪያ የጠረጠረው ራሱን ኤርኮሌን ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ በዚህም ምክንያት ሁላችንም አወቅነው። አባትና ልጅ በሱቁ ይጨቃጨቁ ነበር። ልጁ አዲስ ጠመንጃ መሸጥ ይፈልጋል፤ አባቱ ደግሞ ከሞተ ሰው ጎተራ ያልወጣ ጠመንጃ አይወድም።

«እሑድ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ከሰበካው ማርሽ ባንድ ጋር። ትሮምቦን ነው የምነፋው።»

ማሬሻሎው ወደ ቄሱ ሄደ። ዶን ፒዬሪኖ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መሰከሩ። «ነበረ። ከቅዳሴ እስከ ምሳ ያለ ማቋረጥ። ማንም ሊሳሳት አይችልም። መሳሳት ብንችልማ ደስታችን ነበር።»

ማክሰኞ የወፍጮው ቦይ ተዘጋ። የወፍጮ ቤቱ ሰው ከፍርግርጉ ላይ ሬሳ መስሎት የጎተተው ጥቅል በሰም ጨርቅ የተጠቀለለች ጠመንጃ ሆነች። ባለ ሁለት አፈሙዝ፣ መዶሻዎቿ ከውጭ የሆኑ፣ የአያቶቻችን ዘመን ሥራ። ከሰደፉና ከብረቱ መጋጠሚያ የደረቀ ደምና አንድ ቁራጭ የሽማግሌ ጢም ወጣ። ብረቷ ግን ከአፍ እስከ ሥር በወፍራም ቅባት ተለብጧል። ጠብታ ውኃ አልነካትም።

«ምን ዓይነት ነፍሰ ገዳይ ነው፣» አለ ማሬሻሎው፣ «ውኃ ውስጥ የሚጥለውን ጠመንጃ ቅባት የሚቀባ?»

ምክትሉ የሸለቆው ልጅ ነው። «ታዲያ ሳይቀባት ይጣላት?» አለ ደንግጦ።

ማሬሻሎው ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። ኑንሲዮ ከተጠርጣሪነት ወጣለት፤ የኑንሲዮ ጠመንጃ በሕይወቷ ቅባት አይታ አታውቅም። በምትኩ ሸለቆው በሙሉ ገባ።

የታችኛውን እንጨት አወለቀ። ከአፈሙዞቹ ሥር፣ ሠሪው ማኅተሙን በሚመታበት ጠፍጣፋ ላይ፣ ምንም የለም። በሞረድ ተልጓል። ከዚያም ሞረዱ የተወው ጭረት በደቃቅ አሸዋ ወረቀት፣ ከዚያ በዘይትና በጨርቅ፣ ፊት እስኪያሳይ ተወልውሏል። ማሬሻሎው የራሱን ዓይን አየበት።

ማኅተም ሲጠፋ ወደ ባለ ማዕረጉ ሽማግሌ፣ ወደ ካቫሊዬሬ ኦታቪዮ ዙባኒ ይኬዳል። ሌላ የሚኬድበት የለም። አሮጌ ጠመንጃ ላይ የተመታች ቁንጫ የምታክል ምልክት አይቶ የሠሪውን ስም፣ የሚስቱን ስም፣ የሞተበትን በሽታ የሚነግር ሰው ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የጃንማሪያን ንብ ያገኘ እሱ ነው። ጃንማሪያ የሚባለው ጥንታዊ አፈሙዝ ቀጥቃጭ በሥራው ላይ ንብ ይመታ ነበር ሲባል ከአያቶቻችን ሰምተናል፤ ንቧን ግን ያየ አልነበረም። ኦታቪዮ አገኛት። ከዚያ በኋላ ደግሞ በየጊዜው አንድ አንድ እያለ ሌሎችም አገኘ፤ ሚላኖዎችም ገዙ። ክንፏን ግራና ቀኝ የዘረጋችው ንብ ዛሬ የዳቦ ቤታችን ምልክት ናት። የእግር ኳስ ቡድናችን ማልያ ላይም አለች። ቡድኑ እስካሁን ማንንም አልነደፈም።

ኦታቪዮ ጠመንጃዋን ተቀብሎ በመስኮቱ ብርሃን አገላበጣት። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ጥፍሩ የተሞረደ ሰው ነው።

«የውጭ አገር ርካሽ ሥራ ነው ማሬሻሎ። ማኅተሙን ያጠፋውም አፍሮበት ነው።»

«ሌላ ምንም?»

«ቆሻሻ ነው አልኩዎት እኮ። ለምድጃ መቆስቆሻ ይሆናል።»

ማሬሻሎው አመስግኖ ጠመንጃዋን ወሰደና ኮቱን ሊለብስ ሲል ከድንጋዩ ግድግዳ ጋር አስደገፋት። ተንሸራተተች። ኦታቪዮ ከወንበሩ እንደ ድመት ዘሎ፣ ወለሉ ሳይነካት በሁለት እጁ ተቀበላት። ሽማግሌው ልቡ ሲመታ በሸሚዙ ላይ ይታያል። በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሎ መለሰለት።

«የሙያ ልማድ ነው» አለ።

«አየሁ» አለ ማሬሻሎው። «እሑድ ጠዋት ለነገሩ...»

«ለነገሩ ስፒዬዶው ላይ ነበርኩ! የበሉትን ረሱት?»

አልረሳም። ስፒዬዶ ማለት ወፉ፣ የአሳማው ሥጋና ድንቹ በረጅም ብረት ተሰክቶ በፍም ላይ ከንጋት እስከ ምሳ ሲዞር፣ አንድ ሰው ከአጠገቡ ሳይለይ ቅቤ በማንኪያ እያፈሰሰ የሚያጠጣው ጥብስ ነው። ብረቱን ሞተር ያዞረዋል። ቅቤውን ግን ሞተር አያጠጣም። የሰበካው ስፒዬዶ ባለቤት ኦታቪዮ ነው፤ የቅቤውን ምስጢር ማንም እንዳያይ ዳሱን በሸራ ጋርዶ ብቻውን ይሠራል። ስፒዬዶ ላይ ያለ ሰው ሌላ ቦታ ሊሆን አይችልም። ከዚህ የበለጠ ማስተባበያ ሸለቋችን አያውቅም።

ማሬሻሎው ከዚያ በቀጥታ ክሊኒኩ ሄደ። የኑንሲዮ ፊት ዱባ አክሏል፤ መንጋጋው በጨርቅ ታስሯል። ጠመንጃዋን አሳየው።

«ለሊቪዮ የሸጥካት ይቺን ነው?»

ኑንሲዮ በአንድ ዓይኑ አየ። «እሷን ትመስላለች» አለ፤ ቃሉ በድድ መካከል እየተንሸራተተ። «ዝንቧ የታለች?»

«የቷ ዝንብ?»

«ከሥሯ ዝንብ ነበረችባት። ክንፏን ጀርባዋ ላይ ያጠፈች። ለሊቪዮ ዝንብ ናት ስለው ሳቀ። ፍየሏን ወዲያው ሰጠኝ።»

ማሬሻሎው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ኑንሲዮ፣ እሑድ ድግሱ ላይ ነበርክ። ለምን አባረሩህ?»

«እውነት ስለተናገርኩ።» ሊስቅ ሞክሮ ደም ተፋ። «ወፉ ደረቅ ነው አልኩ። ከዶን ፒዬሪኖ ስብከት ይደርቃል አልኩ። በአንገቴ ይዘው አወጡኝ። የካቫሊዬሬን ስፒዬዶ ማን ደረቅ ነው ይላል?»

ማሬሻሎው ራሱም በልቷል። የደረሰችውን ወፍ በሁለት ብርጭቆ ወይን ነው የዋጣት። ግን የደቡብ ሰው ነው፣ ዓሣ በሊታ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ይህ ምግብ ሳይጥመው ሲቀር ጥፋቱ የምላሱ ይመስለዋል። ዙሪያውን ሲያይ ሁላችንም «ግሩም ነው፣ ግሩም ነው» እያልን ስናኝክ ነበር። ጎጆው ውስጥ በጫማው ሥር የተንኮታኮተችውን ወፍ አሁን አስታወሳት።

ረቡዕ ደወሉ ሲያበቃ ኤርኮሌ ከመቃብር ወረደ። ጥቁር ልብስ ለብሷል፤ ትከሻው ላይ የአባቱ ጠመንጃ አለ፤ መንገዱ ወደ ክሊኒኩ ነው። ሰዉ ከኋላው ትንሽ ርቀት ጠብቆ ይከተላል። ማሬሻሎው መንገዱ መሃል ቆሟል።

«ይልቀቁኝ ማሬሻሎ።»

«እለቅሃለሁ። ከመግደልህ በፊት ግን አንዲት ብየዳ እስክትቀልጥ ታገሠኝ። የአባትህን ገዳይ ላሳይህ። ካላሳየሁህ ሽጉጤን ሰጥቼህ ቤቴ እገባለሁ።»

ኤርኮሌ አሰበ። ማሰብ ጊዜ ይወስድበታል። «የት?»

«ጃኮሚና ጋ።»

ጃኮሚና ብረት ላይ ቅርጽ የምታወጣ፣ አፈሙዝ የምትበይድ፣ ሦስት ባል የቀበረች አሮጊት ናት። ወርክሾፗ ውስጥ ኦታቪዮ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ለምስክርነት ነው ተብሎ የተጠራ። ጠመንጃዋ ብረት ጥርቅም አድርጎ በሚይዘው ሞርሳ ላይ ናት፤ ከእንጨቷ ተለይታ፣ አፈሙዞቿ ብቻ። ጃኮሚና የብየዳ ፋኖሱን እያቀጣጠለች ነው።

«አንተ ጎረምሳ፣ ጠመንጃህን በር ላይ ተው» አለችው ኤርኮሌን። «እዚህ ቤት ጥይት የጎረሰ ነገር አይገባም። የመጨረሻው ባሌ እንኳ ይህን ያውቅ ነበር።»

ኤርኮሌ በሩ ጥግ አስደገፋት።

«ምን ልታደርጉ ነው?» አለ ኦታቪዮ።

«ሁለቱን አፈሙዞች ያጣመረችውን ዘንግ ልናነሳ» አለ ማሬሻሎው። «ጃኮሚና እንደነገረችኝ ድሮ ቀጥቃጩ አፈሙዞቹን ከማጣመሩ በፊት ከውስጥ፣ ዘንጓ በምትሸፍነው ቦታ፣ አንዲት ማኅተም ይመታል። ማንም የማያያት።»

«ለእግዜሩ ነው የሚመታት» አለች ጃኮሚና። «ለገዢው የታችኛዋ ትበቃዋለች።»

«አይደረግም!» ኦታቪዮ ተነሳ። «በእሳት ታበላሿታላችሁ! ተመልሳ ቀጥ አትልም!»

«ርካሽ ሥራ ነው ብለውኛል እኮ ካቫሊዬሬ። ለምድጃ መቆስቆሻ።»

ኦታቪዮ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ጃኮሚና እሳቱን አስጠጋች። የብየዳው ቆርቆሮ ማላብ፣ ከዚያ መንጠባጠብ ጀመረ።

«ሰውየው ማኅተሙን ለማጥፋት ሞረደ» አለ ማሬሻሎው፣ ለኤርኮሌ ብቻ እንደሚያወራ። «ሞርዶ ግን ጭረቱን ሊተወው አልቻለም፤ ወለወለው። ውኃ ውስጥ ሊደብቃት ሄደ፤ ግን ቀባት። አንድ ቀን ሊያወጣት ነው። ከውስጥ ሌላ ማኅተም ሊኖር እንደሚችል ከማንም በላይ ያውቃል። እሷን ለማጥፋት ግን ጠመንጃዋን ማፍረስ ነበረበት። ሰው ገድሏል። ጠመንጃ መግደል ግን አልሆነለትም።»

«እኔ ስፒዬዶው ላይ ነበርኩ» አለ ኦታቪዮ በደረቀ ድምፅ።

«ስፒዬዶው ግን እርስዎን አላየም። ኤርኮሌ፣ እሑድ ወፉን በልተሃል?»

ኤርኮሌ ግራ ተጋባ። «በልቻለሁ።»

«እንዴት ነበር?»

ኤርኮሌ ካቫሊዬሬውን አየ፤ መሬቱን አየ። አባቱ ተቀብሮ እንኳ ይሉኝታ ያዘው። «...ትንሽ ደረቅ ብሎ ነበር» አለ በመጨረሻ።

«ወጣች!» አለች ጃኮሚና።

ዘንጓን በጉጠት አንስታ ጣለቻት። የቀረውን ቆርቆሮ በጨርቅ ጠረገች፤ መነጽሯን አጠበቀች። ከሁለቱ አፈሙዞች መካከል፣ ከተመታችበት ቀን ጀምሮ ብርሃን ያላየች፣ የስንዴ ፍሬ የምታክል ንብ ተቀምጣለች። ክንፎቿ ጀርባዋ ላይ ታጥፈዋል። ከአጠገቧ የጃንማሪያ ስም አለ።

«እውነትም ዝንብ ትመስላለች» አለች ጃኮሚና። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ኦታቪዮ ዞረች። «አንተ፣ እነዚያ ክንፍ የዘረጉት ሁሉ ታዲያ...?»

«እነሱን የሠራቸው እሱ ነው» አለ ማሬሻሎው። «እውነተኛዋን አይቷት አያውቅም ነበር፤ ከሐሳቡ ነው የፈለሰፋት። ሊቪዮ እውነተኛዋን አገኘና እሑድ ጠዋት ጎጆው ድረስ ጠራው። ምን አለህ ካቫሊዬሬ? በሚላኖዎቹ ፊት አሳያታለሁ አለህ?»

ኦታቪዮ ንቧን እያየ ነበር። ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ የተራበ ሰው ፊት ነው።

«ሳቀብኝ» አለ። «እሷን እጄ ላይ አስቀምጦ ሳቀብኝ። ጥይቱንም እሱ ራሱ ነው ያቀበለኝ፤ ሞክራት ብሎ።»

ከዚያ በሩ ጋ ደረሰ። እንዲህ ይፈጥናል ያለ ማንም አልነበረም። የኤርኮሌን ጠመንጃ አንስቶ መዶሻዎቹን ሳበ። የመጀመሪያው ተኩስ የማሬሻሎውን ግራ ክንድ ከክርኑ በላይ ቦጨቀው፤ የጃኮሚና መስኮት በሥጋ ቁራጭና በደም ተረጨ። ሁለተኛው ጣሪያውን በሳ፤ ኤርኮሌ ከሥሩ ገብቶ አፈሙዙን ወደ ላይ ገፍቶታልና። የኦታቪዮን ሁለቱንም የእጅ አንጓዎች እንደ ጭራሮ ሰበራቸው። ጎትቶ ጭንቅላቱን ሞርሳው መካከል፣ ከትኩሶቹ አፈሙዞች ጎን አስገባውና መያዣውን ማዞር ጀመረ። የሽማግሌው ጉንጭ ትኩሱን ብረት ሲነካ ተጠበሰ፤ ጮኸ። ኤርኮሌ አንድ ዙር ጨመረ። ከኦታቪዮ ጆሮ ደም ወጣ።

«ኤርኮሌ» አለ ማሬሻሎው። ወለሉ ላይ ነው፣ ክንዱን በቀበቶ እያሰረ። ሽጉጡን አልነካም። «እሑድም እንዲሁ እርግጠኛ ነበርክ።»

ኤርኮሌ እጁ መያዣው ላይ ቆመ።

«ገዳይ ነው ብለህ የኑንሲዮን መንጋጋ አወለቅህ። ኳሷ ባትወድቅ ኖሮ ዛሬ ይኼ ሰውዬ እየሳቀ መታሰርህን ያይ ነበር። እሱ የጀመረውን ነው የምትጨርስለት።»

ጃኮሚና መጥታ የኤርኮሌን ጣቶች አንድ በአንድ ከብረቱ ላይ አላቀቀች። «ሞርሳዬን ታበላሽብኛለህ» አለችው በቀስታ። መያዣውን ወደ ኋላ አዞረችው። ኦታቪዮ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

ኦታቪዮን በቃሬዛ ሲያወጡት ፊቱ በግማሽ ተልጧል፤ እጆቹ ተንጠልጥለዋል። በሩ ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ተናገረ። ኑዛዜ መስሎን ተጠጋን።

«መልሰሽ ስትበይጃት» አላት ለጃኮሚና፣ «እሳቱን ከሥር አድርጊው። ከላይ እንዳታሞቂያት።»

በዚያው ቀን ሸለቆው ሁሉ ስፒዬዶው ደረቅ እንደነበር ያውቅ ነበር። ዶን ፒዬሪኖ ገና ከመጀመሪያው ጉርሻ ገብቷቸው ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ለሚስቱ ነግሯት ነበር። እኔም ተናግሬ ነበር፣ ለራሴ።

ኤርኮሌ ወደ ክሊኒኩ ሄደ። መነኩሲቷ ሸሚዙ ላይ ያለውን ደም አይታ በሩን ልትዘጋ ሞከረች፤ እጁ ባዶ መሆኑን አሳያት። ኑንሲዮ ከአልጋው ሊነሳ ፈልጎ አልቻለም፤ ዓይኑን ጨፈነ፣ እጆቹን ፊቱ ላይ አደረገ፣ ጠበቀ።

ኤርኮሌ ወንበሯን ስቦ ተቀመጠባት። ወንበሯ ተሰነጠቀች።

«ደረቅ ነበር» አለ። «እኔም በልቻለሁ። ደረቅ ነበር።»

ኑንሲዮ አንዱን ዓይኑን ከጣቶቹ መካከል ከፈተ።

«እኔ ስናገረው፣» አለ፣ «ማኘኪያ ነበረኝ።»